«ማን እንደሚያልፍበት ሳትጠይቅ በር ትሠራለህ?»፦ የአንድ የጎንደር ሰፈር የጥምቀት ማስጌጫ ንድፍ

ይህ የጉዳይ ጥናት ስለ አንድ የጥምቀት ቅስት በር ነው። መጀመሪያ የተሠራው ጎዳናውን ዘጋ። ሁለተኛው አሳለፈ። በሁለቱ መካከል የተቀየረው ዋናው ነገር ገንዘቡ አልነበረም፤ ስዕሉ ነው። የመጀመሪያውን ስዕል የሳልኩት እኔ ስለሆንኩ የሰው ስም አላነሳም። የራሴን ጥፋት ግን አልደብቅም።

ቦታውና በዓሉ

ጎንደር ላይ ጥምቀት የሁለት ቀን ጉዞ ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ሌሊቱን እዚያው ያድራሉ። ጥር 11 ውኃው ከተባረከ በኋላ ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ደግሞ ጥር 12 ይገባል። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ እንግዳው በዝቷል፤ የየሰፈሩ ፉክክርም እንዲሁ።

የእኛ ሰፈር ታቦታት ከሚያልፉባቸው ጎዳናዎች በአንዱ ላይ ነው። መንገዱ 7 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ትንሽ ቁልቁለት አለው። በአንድ በኩል ያረጀ የድንጋይ አጥር፣ በሌላው በኩል የመብራት ምሰሶ ተደርድሯል። ወጣቶቹ በየዓመቱ መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ቅስት በር የመሥራት ሐሳብ የመጣው ከሌላ ሰፈር አይተው ነው። «እነሱ ሠርተው እኛ?» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል።

እኔ የምተዳደረው የቤት ፕላን በመሳል ነው። ስለዚህ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ዓመት፦ ቆንጆ ምስል

በኮምፒውተር አንድ ምስል ሠራሁ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ቅስቱ ነጭ፣ ከላይ የወርቅ ቀለም ያለው ጽሑፍ፣ ከሥሩ በእርከን የተንጠለጠለ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ። ኮሚቴው አይቶ አጨበጨበ። ምስሉ በቴሌግራም ለበያጁ ተላከ። ልኬት አልነበረውም። በያጁ ደውሎ «ቁመቱ ስንት ይሁን?» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «አራት ሜትር ይበቃል» አልኩት። የዚያ ዓመት ሙሉ ንድፍ ይኸው የስልክ መልስ ነበር።

አራት ሜትሩ አግዳሚው ብረት ድረስ ነው። ጨርቁ መሐል ላይ 70 ሴንቲ ወርዶ ተንጠለጠለ። አስፋልቱ ደግሞ ለውኃ መፍሰሻ ተብሎ መሐሉ ከዳሩ ከፍ ያለ ነው፤ እሱም 10 ሴንቲ በላ። በደንብ ስለካው፣ ታቦት በሚያልፍበት መሐል መንገድ ላይ የቀረው ክፍት ቦታ 3 ሜትር ከ20 ብቻ ነበር። የለካሁት ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

በከተራ ከሰዓት ታቦቱ ደረሰ። ካህኑ ታቦቱን በራሱ ተሸክሟል፤ ከላዩ ድባብ ተዘርግቷል። ድባቡ ጨርቁን ነካ። ድባብ የያዘው ዲያቆን ዝቅ ሊያደርገው ቢሞክር የካህኑን ራስ ሊነካ ሆነ። ጎን ቢያዘነብለው ዘርፉ ሽቦ ላይ ተያዘ። ከኋላ ሕዝቡ እየዘመረ ይገፋል፤ ከፊት መንገዱ ቆሟል። አንዱ ወጣት ምሰሶው ላይ ወጥቶ ጨርቁን በቢላዋ ቆረጠው። ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን እነዚያን ሦስት ደቂቃዎች እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

በማግስቱ ሌላ ጉድ ታየ። ታቦታቱ ሲመለሱ የሚያዩት የቅስቱን ጀርባ ነው። ጀርባው ላይ ምንም አልነበረም፤ ባዶ ቱቦ፣ የብየዳ ጥቁር ምልክት፣ የባነሩ ነጭ ጀርባ። ሕዝቡ በብዛት የሚወጣው ደግሞ በመመለሻው ቀን ነው። እኔ የሳልኩት ሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ አድርጌ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን አዙሬ እንኳ አላየሁትም።

ምንጣፉም ነበረ። ወጣቶቹ በስቴንስል የመስቀል ቅርጽ ቀብተውበታል። አንድ አባት አይተው ቆሙ። መስቀል ከሚረገጥ ነገር ላይ እንደማይሳል የማያውቅ የለም፤ ግን ሥራው በሌሊት ስለተሠራ ማንም አላሰበውም። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ተወሰደ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ደብሩ ሄድኩ። መሪጌታው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ማን እንደሚያልፍበት ሳትጠይቅ በር ትሠራለህ?» አሉኝ። ከዚያ ቡና አስፈሉልኝ።

ሁለተኛው ዓመት፦ ከሚያልፈው መጀመር

ሥራው በኅዳር ተጀመረ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አልሳልንም፤ ለካን ብቻ።

አንድ ረጅም ሸንበቆ ላይ በየ10 ሴንቲው ቀይ ፕላስተር ለጠፍን። በንግሥ ቀን፣ ታቦቱ ዑደት ሲያደርግ፣ ከሩቅ ሆነን ድባቡ የት እንደሚደርስ አየን። በኋላ ሸንበቆውን እዚያው ቦታ አቁመን አነጻጸርነው። ዲያቆኑ ቆሞ ሲይዘው የድባቡ ጫፍ 3 ሜትር ከ10 ይደርሳል። ዝማሬው ሲሞቅና እጁ ከፍ ሲል 3 ሜትር ከ40። ባንዲራ በዘንግ ይዘው የሚዘሉ ወጣቶች ደግሞ 4 ሜትርን ያልፋሉ። ፈረሰኞች አሉ። አምቡላንስ ሊያልፍ ይችላል፤ የእሳት አደጋ መኪናም እንዲሁ። ሁሉንም ደምረን አንድ ሕግ አወጣን፤ ከመንገዱ መሐል ተለክቶ ከ5 ሜትር በታች ምንም ነገር አይንጠለጠልም። ጨርቅም፣ ገመድም፣ አምፖልም።

ይህ ቁጥር ከተገኘ በኋላ ሌላው ስዕል በራሱ መጣ ማለት ይቻላል።

ስዕሉ አራት ወረቀት ሆነ፤ ሁሉም ኤ ስሪ። አንደኛው የመንገዱ ፕላን ነው፤ ምሰሶው፣ የመብራት ሽቦው፣ ቦዩ፣ የሰው ቤት በር፣ አጥሩ ሁሉ አለበት። ሁለተኛው የቅስቱ ገጽታ በ1 ለ50 ነው። የ7 ሜትሩ መንገድ ወረቀቱ ላይ 14 ሴንቲ ሆነ። በዚህ ወረቀት ላይ ሁለት ገጽታ አለ፤ አንዱ «የከተራ ፊት»፣ ሌላው «የጥር 11 ፊት» ተብሏል። በሁለቱም ላይ ሰው፣ ድባብ፣ ፈረሰኛና አምቡላንስ በልካቸው ተስለዋል። ለጌጥ አይደለም። ኮሚቴ ውስጥ ልኬት የሚያነብ ብዙ የለም፤ ድባብ ከጨርቅ ጋር ሲነካካ ግን ሁሉም ያያል።

ሦስተኛው ወረቀት መጋጠሚያውንና እግሩን በ1 ለ10 ያሳያል። አራተኛው የልብስ ሰፊዋ ነው፤ የጨርቅ ቅድ፣ የቀለም ቅደም ተከተል፣ ብዛት።

ቱቦላሬ፣ ማለትም ቅስቱ የሚሠራበት ውስጠ ክፍት ብረት፣ ከመደብር የሚመጣው 6 ሜትር ሆኖ ነው። ስለዚህ እግሩን ከዚያ ተነስተን ቆረጥነው፤ 2 ሜትር ከ75 እና 2 ሜትር ከ75። ሁለቱ ሲቀጣጠሉ 5 ሜትር ከ50 ይሆናሉ። የሚተርፈው 50 ሴንቲ ለመጋጠሚያው እጀታ ሄደ። ከአንድ ቱቦላሬ የተጣለ የለም። 2 ሜትር ከ75 በጋሪ ይጫናል፤ መጋዘን ውስጥም ይገባል። አግዳሚው ሁለት ቱቦላሬ በዚግዛግ የተያያዙበት ነው። የመንገዱ መሐል ከዳሩ 10 ሴንቲ ከፍ ስለሚል፣ ከአግዳሚው ወደ ታች የሚንጠለጠል ነገር ከ40 ሴንቲ አያልፍም፤ አምስት ሜትሩን የሚጠብቀው ይህ ነው።

ነፋሱና ጆንያው

ይህን ክፍል ትንሽ ልዘርዝረው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

የሰፈራችን ልጅ የሆነች ሲቪል መሐንዲስ ስዕሉን እንድታይልን ለመንናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጌጡ አልነበረም። «የ2012ን ታስታውሳላችሁ?» አለች። ማን ይረሳል። በዚያ ዓመት ጥምቀት፣ በጥምቀተ ባሕሩ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ማንም «ጨርቅ ነው፣ ምን ይሆናል» ማለት አልቻለም።

ሂሳቡን በደብተር ሠራችልን። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 11 ኪሎ ገደማ ይገፋል። እኛ ያሰብነው ባነር 6 ሜትር በ1 ሜትር ነው፤ ድፍን ፕላስቲክ። በቅርጹ ምክንያት የሚጨመረው ተደምሮ ግፊቱ ወደ 80 ኪሎ ይሆናል። ይህ ግፊት ያለው ከመሬት 6 ሜትር ላይ ነው፤ የሚይዘው እግር ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ 1 ሜትር ከ60 ብቻ። እንዳይገለበጥ 600 ኪሎ ክብደት ይፈልጋል። ለጥንቃቄ በአንድ ተኩል ሲባዛ 900 ኪሎ።

መሬት ቆፍሮ መትከል አይቻልም፤ አስፋልት ነው። አጥሩ ላይ በብሎን ማሰር ደግሞ እኛው ራሳችን ከለከልን። ያረጀ ድንጋይ በኖራ የተያያዘ ነው፤ አንዴ ከተበሳ አይመለስም። ከተማችን የምትታወቀው በግንቧ ሆኖ ለሁለት ቀን ጌጥ ብሎ ግንብ መብሳት አያምርም። ስለዚህ ቅስቱ በራሱ ክብደት መቆም ነበረበት።

ድፍኑ ባነር ተሰረዘ። በምትኩ እየተፈራረቁ የተንጠለጠሉ የጨርቅ ቁራጮች ሆኑ፤ በየመሐላቸው የቁራጩን ያህል ክፍተት። ነፋሱ የሚያገኘው ስፋት በግማሽ ቀነሰ። የሚያስፈልገው ክብደትም ወደ 450 ኪሎ ወረደ። ባለ 50 ኪሎ አሥር ጆንያ አሸዋ፣ በየእግሩ አምስት። ጆንያዎቹን በጥለት መሳይ ጨርቅ ሸፈንናቸው፤ ሰው መቀመጫ መስለውት ተቀመጠባቸው። ክብደት ጨመረ እንጂ አልጎዳም።

ባነር ላይ የጨረቃ ቅርጽ ቀዳዳ መቅደድ የሚመክሩ አሉ። ብዙም አላምንበትም። ባነሩ ያው ድፍን ነው፤ ቀዳዳው ለዓይን ነው።

ደብሩ ያየው ወረቀት

ስዕሉ ወደ ብየዳ ከመሄዱ በፊት መሪጌታው ዘንድ ሄደ። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። መጀመሪያ ያገኙት የፊደል ስሕተት ነው። «ብርሐነ ጥምቀቱ» ብዬ ጽፌ ነበር። «በሃሌታው ነው» አሉ፤ በእርሳስ «ብርሃነ» ብለው አረሙት። አስቡት፣ ይህ 6 ሜትር ላይ ተሰፍቶ ቢሰቀል።

ወጣቶቹ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች በየምሰሶው ግርጌ ማድረግ ፈልገው ነበር። መልሱ አጭር ነበር፤ መላእክት ከሰው እግር አጠገብ አይሆኑም፣ ከራስ በላይ ይሁኑ። ምንጣፉ ላይ ደግሞ መስቀልም ሥዕልም ቀርቶ ከብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ ከምናውቀው ሐረግ የተወሰደ ጥልፍልፍ ብቻ ሆነ። ከዚያም ውስጥ መስቀል የሚመስል መጋጠሚያ ካለ ይጥፋ ተባለ። ሐረግ ሲጠላለፍ ሳይታሰብ መስቀል ይፈጥራል፤ ሁለት ቦታ አግኝተን ቀየርን። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ሐሳብ ይልቅ ይኼኛው ያምር ነበር።

ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ከፊደል የሚለየው በትንሽ ጭረት ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ ከሩቅ አንድ ናቸው። ማተሚያ ቤት የሰጠን ናሙና 12 ሴንቲ ቁመት ነበረው። ከ30 ሜትር ቆመን ስናየው ጭረቱ ጠፋ። 20 ሴንቲ አደረግነው፤ ቃሉን ደግሞ አሳጠርነው።

ሙከራው

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ በአንድ ሜዳ ቅስቱን በሙሉ ልኩ በኖራ መሬት ላይ ሳልነው። በያጁ ቱቦላሬውን በኖራው መስመር ላይ አስተኝቶ ቆረጠ። እዚያው ሁለት ስሕተት ተገኘ። አንደኛው የእኔ ልማድ ያመጣው ነው። በቢሮ የምንጽፈው በሚሊ ሜትር ነው፤ የእግሩን ላሜራ «300» ብዬ ጻፍኩ። በያጁ ደውሎ «ጋሼ፣ 3 ሜትር ላሜራ ለምኑ ነው?» አለ። እሱ የሚያስበው በሴንቲ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቱ ሁሉ በሴንቲ ተጻፈ፤ ከቁጥሩ ጎን «ሴ.ሜ.» ተጨመረ።

ሁለተኛው የመጋጠሚያው ብሎን ነው። ብሎኑን የሚያጠብቀው እጅ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ወረቀት ላይ እጅ አይሳልም፤ እኔም አላሰብኩትም።

የሠራው፣ ያልሠራው

በከተራ ድባቡ ከጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል በላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። ዲያቆኑ ቀና ብሎ አላየም። ለእኔ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። ቅስቱ አልተንቀሳቀሰም። ጥር 11 ሲመለሱም በር አገኙ እንጂ አጽም አላገኙም።

ያልሠራውም ነበር። በየምሰሶው መካከል የዘረጋነው ገመድ ናይለን ነው። ማታ አጥብቀን አሰርነው፤ ሌሊት ረገበ። ጠዋት አንዱ መስመር 30 ሴንቲ ወርዶ ከአምስት ሜትሩ ሕግ በታች ገባ። በወፍ ጫጫታ ተነስተን በመሰላል እንደገና አጠበቅን። ስዕሉ ገመዱ የት እንደሚታሰር ይናገራል፤ ከምን እንደሚሠራ አይናገርም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አራተኛውን ወረቀት አልተጠቀመችበትም። ከባለፈው ዓመት ፎቶ እያየች ሰፋች። በአንድ በኩል ያሉት ባንዲራዎች ቀዩ ከላይ ሆነው ተሰፉ። ወደ አርባ የሚሆኑትን ፈትተን ገለበጥን። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ወረቀቱን በሰው ላክሁላት እንጂ ቁጭ ብዬ አላሳየኋትም። በያጁ ጋ ሦስቴ ሄጄ እሷ ጋ አንዴም አልሄድኩም።

የብርሃን ጌጡ ከነጭራሹ ቀረ። የመብራት መስመሩ ለቅስቱ ስለሚቀርብ መሐንዲሷ አልፈቀደችም። ጄኔሬተር ለመከራየት ደግሞ መዋጮው አልበቃም። ማታ ቅስታችን ጨለማ ነበር፤ የጎረቤት ሰፈር ልጆች አልተዉንም።

ለሌላ ሰፈር የሚተርፍ

ልኬት የሚጀምረው ከጌጡ ሳይሆን ከሥሩ ከሚያልፈው ነገር ነው። የእኛ አምስት ሜትር ለእኛ መንገድ ነው፤ ሌላው የራሱን ይለካ። ለመስቀል ደመራ ሌላ ነው፣ ለሰርግ ዳስ ሌላ ነው።

ሰልፉ ሁለት አቅጣጫ ካለው ስዕሉም ሁለት ፊት ይኑረው።

ስዕሉን የሚያነቡት ብዙ ናቸው፤ ሁሉም የየራሱን ያነባል። መሪጌታው ፊደሉን አነበቡ፣ መሐንዲሷ ክብደቱን፣ በያጁ ርዝመቱን። አንዳቸውም ምስሉ ያምራል አላሉኝም፤ ያ የኮሚቴው ነው። ለኮሚቴ የሚታይ ምስል ይኑር፤ ግን እሱ ወደ ብየዳ ቤት አይሂድ።

የሚያፈርሰውም ሰው አንባቢ ነው። በየቱቦላሬው ጫፍ ላይ በቀለም ቁጥር ጻፍን፤ ያው ቁጥር ወረቀቱ ላይ አለ። ሲፈርስ ከሁለት ሰዓት በታች ፈጀ። ያለፈው ዓመቱ በመጋዝ ነበር የፈረሰው።

ከበዓሉ በኋላ

ቅስቱ ተፈትቶ በአንድ ጎረቤት መጋዘን ተቀመጠ። ግንቦት ላይ በያጁ ደወለ። አንድ ሰው ለልጁ ሰርግ ዳስ ብሎ ቁጥር 7ን ተውሶ ነበር፤ ሲመልሰው 40 ሴንቲ ተቆርጧል። ማን እንደቆረጠው አይታወቅም፤ ሰርግ ነው። «ጋሼ፣ ልኩ ስንት ነበር? አዲስ ልቁረጥ» አለኝ። እንደ ድሮው ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ቆይ፣ ቤት ልግባና ወረቀቱን ልየው» አልኩት። ማታ ደወልኩለት። 2 ሜትር ከ75።